ዜሮ የሚያሳይ ስክሪን

ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን ግንባታዎች ልብ ብሎ ያየ ሰው በሳይቱ በር ላይ የሚሰቀለውን ሰሌዳ ያውቀዋል፤ ሄልሜት ያደረገ ሰው ሥዕልና «ቅድሚያ ለደህንነት» የሚል ጽሑፍ። ከሰሌዳው ጀርባ ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን በምስማርና በሽቦ የተያያዘ አጠና፣ አጠናው ላይ ደግሞ በነጠላ ጫማ የቆመ ለሳኝ ነው። እንግዲህ ሰሌዳው በሶፍትዌር ቢተካ ምን ይለወጣል? የሥራ ላይ ደህንነት ሶፍትዌር ለመግዛት ያሰበ ኩባንያ መጀመሪያ ይህን ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ሻጭ በሚያሳየው ማሳያ ላይ ደስ የሚል አረንጓዴ ሣጥን አይጠፋም፤ ያለ አደጋ ያለፉ ቀናትን ይቆጥራል። በእኛ ሁኔታ ከሁሉ ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ይሄው ቁጥር ነው ባይ ነኝ። አደጋን ቀድሞ የተናገረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሳይወሰን የተገጠመ ሲስተም የሚቆጥረው ዝምታን ነው።

ሠራተኛው ዝም የሚለው ለነፍሱ ስለማይሳሳ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛው ስለ አደጋው እንዲያውቅ እንዲያደርግ፣ የደረሰውንም ጉዳት መዝግቦ ለተቆጣጣሪው እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። ጉዳት ሲደርስ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም አዋጁ አንድ በር ትቷል፤ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ የጣሰ ወይም ሰክሮ ሥራ የገባ ሠራተኛ ራሱን ሆን ብሎ እንደጎዳ ሊቆጠር ይችላል። አሁን ወደ ስክሪኑ እንመለስ። «ሥልጠና ተሰጥቷል» የሚል መስመር፣ ከጎኑ የራይት ምልክት፣ ከሥሩ የሠራተኛው ፊርማ። ይህ መዝገብ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ነገ ልደታ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ደግሞ «ቀበቶ እሰር ተብሎ ነበር» የሚል ማስረጃ ይሆናል። ቀበቶ ሳይሰጠው የፈረመ ሰው ከመወጣጫ ተንሸራትቶ በእጁ ተንጠልጥሎ ቢተርፍ፣ የተረፈበትን ታሪክ ለማን ብሎ ይናገራል?

የቀን ሠራተኛውማ ከናካቴው መዝገቡ ውስጥ የለም። ዋናው ተቋራጭ ለሰብ ኮንትራክተር ይሰጣል፣ ሰብ ኮንትራክተሩ ለካቦ፣ ካቦው ጠዋት የመጣውን ሰው ቆጥሮ ያስገባል። ሶፍትዌሩ ስም የሚያገኘው ከደመወዝ መክፈያው ከሆነ፣ አጠናው ላይ የሚወጣው ሰው ስም የለውም፤ ቢወድቅም ስክሪኑ ላይ የወደቀ ሰው አይኖርም። የእንጨት መወጣጫ ሲከዳ የሚያደርሰውን ደግሞ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. አረርቲ ማርያም ላይ አይተናል፤ በግንባታ ላይ ባለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መወጣጫ ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

ዝምታን የሰበረ አሠራር የት አለ ከተባለ፣ አቪዬሽን ውስጥ አለ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1975 እ.ኤ.አ. አብራሪዎች ስህተታቸውንና ለጥቂት የተረፉበትን ሁሉ እንዲያሳውቁት ጠየቀ። አብራሪዎቹ አላመኑትም፤ ፈቃድ የሚነጥቀው ያው መሥሪያ ቤት ነውና። በዓመቱ ሪፖርቱን የሚቀበለው ናሳ እንዲሆን ተደረገ፤ የመቅጣት ሥልጣን የሌለው፣ የተናጋሪውን ማንነት ከሪፖርቱ የሚፍቅ አካል። ሆን ተብሎ ያልተፈጸመ ጥፋትን ቀድሞ ላሳወቀም ከቅጣት የሚድንበት መንገድ ተበጀለት። ከዚያ ወዲህ የገባው ሪፖርት ከሚሊዮን በላይ ነው። ሰዎቹም ሥራውም እነዚያው ነበሩ፤ የተለወጠው ጆሮው ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ስለ ቴክኖሎጂው ማውራት የሚያምረው፤ እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ከውጭ የመጣ ፎርም የአደጋውን ሰዓት ይጠይቃል። ፎርማኑ «3:00» ብሎ ይሞላል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ሌሊት 9 ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ጉዳቱ በሥራ ሰዓት ደረሰ አልደረሰም የሚለው ክርክር በዚህች አንዲት መስመር ሊበላሽ ይችላል። ጳጉሜን የማያውቅ ካላንደር፣ የአያት ስምን የቤተሰብ ስም አድርጎ አንድን ሰው ሁለት ቦታ የሚመዘግብ ሣጥን ይጨመርበት። እነዚህ ግን የሚስተካከሉ ነገሮች ናቸው፤ የጤና ተቋሞቻችን ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሪፖርት እያደረጉ ነው።

«የእኛ ሠራተኛ ስልክ ላይ ሪፖርት ማድረግ አይችልም» የሚለውን ተቃውሞ ብዙ አላከብረውም፤ በቴሌብር ለእናቱ ገንዘብ የሚልክ ሰው የድምፅ መልእክት መላክ አያቅተውም፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ወይም በወላይትኛ የሚቀበለው ካገኘ። «ካሳ ፍለጋ ውሸት ያበዛሉ» የሚለው ግን መልስ ይገባዋል። ጉዳት ሳይደርስ የተነገረ አደጋ ካሳ የለውም፤ «ሦስተኛ ፎቅ ያለው አጠና ተሰንጥቋል» ብሎ የሚዋሽ ሰው ምን ያተርፋል? ሄዶ ማየትም የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከሁሉ የሚከብደው «ራሳችን የመዘገብነው በራሳችን ላይ ማስረጃ ይሆናል» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ይሆናል። ነገር ግን ኃላፊነቱ ያለ ጥፋትም የሚመጣ ስለሆነ መዝገቡን መደበቅ ከክፍያው አያድንም፤ ለተጎዳው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጪ ለሆነው ደግሞ የአምስት ዓመት ደመወዝ።

ሶፍትዌሩ በገባ በወሩ የሪፖርቱ ቁጥር ከዜሮ ወደ 40 ቢዘል ሥራ አስኪያጁ እንዳይደነግጥ ለቦርዱ አስቀድሞ ይንገር። ከዚያ በላይ ግን አንድ ነገር በጽሑፍ ይወስን፤ ተሰነጠቀ የተባለው አጠና እስኪለወጥ ድረስ ከታች ቆመው የሚጠብቁት ስድስት የቀን ሠራተኞች የዚያን ግማሽ ቀን ሒሳብ ማን ይከፍላቸዋል? ካልተከፈላቸው፣ በማግስቱ ስንጥቁን የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ካቦውን ሳይሆን አብረውት የቆሙትን ጓደኞቹን ነው። ይህን ሻጩ ሊመልሰው አይችልም፤ ውሉ ላይ የሚፈርመው ሰው ከመፈረሙ በፊት ይመልሰው።