የባንዳ ባንዲራ

ሚንስክ ተማሪ ሳለሁ ብዙ የማይረባ ነገር ተናግሬያለሁ፤ እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን አንድ ቀልድ ነው።

በፈረንጆቹ 1991 መገባደጃ ላይ ነው። የአንድ ክፍል ጓደኛዬ፣ ቤላሩሳዊው፣ ነጭ አንሶላ ላይ ቀይ ጨርቅ ሰፍቶ አልጋው ራስጌ ሰቀለ። ስፌቱ ጠማማ ነበር፤ ቀዩ ወደ ግራ ሲሄድ ይቀጥናል። ያኔ ነጭ-ቀይ-ነጩ የቤላሩስ መንግሥት ባንዲራ ከሆነ ገና ሳምንታት ነው።

እኔ ደግሞ ኻቲንን አይቼ መጥቻለሁ። ናዚዎችና ረዳቶቻቸው በ1943 149 ሰው የፈጁበት መንደር ነው፤ 75ቱ ልጆች ናቸው። በየ30 ሴኮንዱ የሚደወለው ደወል ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። የናዚ ተባባሪዎች ይህንኑ ባንዲራ ይዘው እንደነበር ሰምቻለሁ፤ እሱም ሐሰት አይደለም። የአርበኛ የልጅ ልጅ ነኝና ለሀበሾቹ «የባንዳ ባንዲራ» አልኳቸው። ሳቁልኝ። (ባንዳም ባንዲራም ከጣሊያን ያገኘናቸው ቃላት መሆናቸው ትዝም አላለኝ።) ሳቁ አደፋፈረኝና ለልጁ በሩሲያኛ ተረጎምኩለት። በሩሲያኛ ቤት አይመታም፤ ቀልዱ ጠፍቶ ስድቡ ብቻ ቀረ።

«አያቴ ናዚዎችን የተዋጉ ፓርቲዛን ነበሩ። ጫካ ውስጥ ነው የሞቱት» አለኝ። ባንዲራውን አላወረደም። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ሻይ ሲያፈላ የሚያወጣው ብርጭቆ አንድ ሆነ።

ያላጣራሁት ነገር መዓት ነው። ባንዲራውን በ1917 የነደፈው ክላውድዚ ዱዥ-ዱሼውስኪ ነው፤ በ1918 ነፃነቷን ያወጀችው የቤላሩስ ሪፐብሊክ ስታውለበልበው የናዚ ፓርቲ ገና አልተወለደም። ነዳፊውን ራሱን ጀርመኖች ካውናስ ላይ ያሰሩት አይሁዶችን ደብቀሃል ብለው ነው! ይህን ያነበብኩት ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2020 የሚንስክ ጎዳናዎች በዚያ ባንዲራ ሲሞሉ በቴሌቪዥን ካየሁ በኋላ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰልፍ ውስጥ ጠማማውን ስፌት በዓይኔ ስፈልግ ራሴን ያዝኩት።

የልጁን አድራሻ ዘግይቼ አገኘሁ። አሁንም ሚንስክ ነው። ባንዲራው በ1995 በሪፈረንደም ከተነሳ ቆይቷል፤ ዛሬ በነጭና ቀይ ካልሲ ሰው የሚቀጣበት አገር ነው። ይቅርታዬን ጻፍኩ፤ ደብዳቤው ሌላ እጅ ቢገባስ ብዬ ባንዲራውን የሚያነሳውን መስመር ሰረዝኩ፤ ከዚያ የአያቱን፤ ከዚያ የሻዩን። ተርፎ የተላከው «ጤናህ እንዴት ነው?» ነው።