የሌሊት ትንፋሽና የጧት ጕሮሮ

አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ብለው የተናገሩት ቃል ለትልቅ ሕመም ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ትንሹን ሕመም የሸሸገ ሰው ለትልቁ ሕመም የተገኘለትን መድኃኒት ሊያጣ እንደሚችል ባለፈው ዓመት በራሴ ደርሶ አየሁት። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ የመኝታ ቤት ነገር ነውና ለመጻፍ ጥቂት ባፍርም፥ ምናልባት በእኔ ስሕተት ሌላው ሰው ይማርበት እንደ ሆነ ብዬ እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ።

እኔ መምህር ነኝ። በአዲስ አበባ ከተማ ሠላሳ ዓመት ያህል አማርኛ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ገበሬ በበሬው እንደሚያርስ እኔም የማርሰው በድምፄ ነው፤ ድምፄ የከዳኝ ዕለት እንጀራዬም ከዳኝ ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ፥ ጧት እንዳልተኛ ሰው ደክሜ እነሣ ጀመር። ተማሪዎቼ ድርሰት ሲጽፉ እኔ በወንበሬ ላይ አንቀላፋ ነበር፤ አንድ ቀንም ልቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አንኰራፍቼ ኀዘንተኞቹን አስደነገጥሁ። ማንኰራፋቴን ጎረቤት ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ባለቤቴ ግን ከማንኰራፋቱ ይልቅ ዝምታውን ትፈራው ነበር። እርስዋ እንደ ነገረችኝ፥ ሲያንኰራፋ የቈየው ጕሮሮዬ በድንገት ጸጥ ይላል፤ ደረቴ ሊነሣ ይታገላል፥ ትንፋሽ ግን አይገባም አይወጣም፤ ከዚያም በኋላ ከውሃ እንደ ወጣ ሰው በኀይል አየር እስባለሁ። እርስዋም በጨለማ እጅዋን በደረቴ ላይ አኑራ ትቈጥር ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ ሠላሳ እስክትል ድረስ ትንፋሼ አይመለስም ነበር።

በመጨረሻም ይዛኝ ወደ ሐኪም ሄደች። በአንድ ሌሊት ትንፋሼንና የልቤን ምት፥ በደሜም ያለውን ኦክስጅን የሚቈጥር መሣሪያ በሰውነቴ ላይ ታስሮ ተኛሁ። በማግሥቱ ሐኪሟ ወረቀቱን ዘርግታ ትንፋሼ በአንድ ሰዓት ውስጥ 34 ጊዜ እንደሚቋረጥ ወይም እጅግ እንደሚያንስ አሳየችኝ። ነገሩንም እንዲህ አድርጋ አስረዳችኝ፦ ሰው ሲተኛ የጕሮሮው ጡንቻ ይላላል፤ በአንዳንዱም ሰው ምላሱና ለስላሳው ላንቃ ወደ ኋላ ወድቀው የአየሩን መንገድ ይዘጉታል። ትንፋሽ 10 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲቋረጥ እንደ አንድ ይቈጠራል፤ በሰዓት 5 ያልሞላ እንደ ደኅና ይታያል፥ ከ30 በላይ የሆነ ግን ጽኑ ሕመም ይባላል። ደሙ አየር ባጣ ቍጥር አንጐል ደንግጦ ይነቃል፤ ሰውዬው ግን መንቃቱን አያውቀውም። እንዲህ እየሆነ ዓመታት ሲያልፉ የደም ግፊት ይነሣል፥ ልብም ይጐዳል፥ በመኪና መሪ ላይ አንቀላፍቶ የሚሞትም አለ።

ለዚህ ሕመም የታዘዘልኝ መድኃኒት ኪኒን አይደለም፤ ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ ነው። ይኸውም ከአልጋ አጠገብ ተቀምጦ የቤቱን አየር እየሳበ፥ በቱቦና በአፍንጫ ጭምብል አድርጎ በለስላሳ ግፊት ወደ ጕሮሮ የሚልክ ነው። ምሰሶ ድንኳንን ደግፎ እንደሚያቆም፥ አየሩም የጕሮሮውን ግድግዳ ደግፎ እንዳይወድቅ ይጠብቀዋል። የግፊቱ መጠን በውሃ ሳንቲ ሜትር ይለካል፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ነው፤ የእኔ 11 ሆነ።

ይህን ጥበብ ያገኘው በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ ይሠራ የነበረ ኮሊን ሰሊቫን የሚባል ሐኪም ነው። በ1972 ዓ.ም. (በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1980) በበሽተኛ ላይ ሞከረው፤ በማግሥቱም ዓመት እርሱና ባልደረቦቹ ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ለዓለም ገለጡት። ከዚያ በፊት ሕመሙ ለጸናበት ሰው የነበረው ዋና ሕክምና አንገቱን ከፊት በስቶ በአየር ቧንቧው ውስጥ ቱቦ መትከል ነበር። ይህን ስሰማ፥ አንገቴ ሳይነካ በአፍንጫዬ ብቻ መዳኔ እጅግ አስደሰተኝ። መሣሪያውንም በባሕር ማዶ የምትኖር ልጄ ገዝታ ላከችልኝ።

በጥቅምት ወር በመጀመሪያው ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ። ባለቤቴም ከብዙ ዘመን በኋላ ሳትቈጥር አደረች። ነገር ግን ጧት ስነቃ ጕሮሮዬ ገለባ እንደ ዋጠ ሰው ጕሮሮ ደርቆ፥ ምራቄን መዋጥ እንኳ አቃተኝ። ቀኑ እየዋለ ሲሄድ ይሻለኛል፤ በማግሥቱ ግን ያው ነው። በሁለተኛው ሳምንት በክፍል ውስጥ ንባብ ሳነብ ድምፄ በመካከል ተሰነጠቀና ልጆቹ ሣቁ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ በልቤ ግን ፈራሁ።

ለሐኪሟ ልነግራት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን አፈርሁ። «ትንፋሽ አጥቶ የነበረ ሰው ትንፋሽ አግኝቶ ሳለ ስለ ምራቁ ያጕረመርማልን?» አልሁና ዝም አልሁ፤ ይህንም ዝምታ ትዕግሥት ብዬ ጠራሁት። ማር በሎሚ ጠጣሁ፥ ዝንጅብል አፈላሁ፥ ጤናዳምም አሸተትሁ። ለጊዜው ያለሰልሰኛል እንጂ ሌሊቱ ያደረቀውን አይመልሰውም ነበር። አክስቴም ሊጠይቁኝ መጥተው ድምፄን በሰሙ ጊዜ፥ «ልጄ፥ ይህማ እንጥልህ ወርዶ ነው፤ ዐዋቂ አስጠርተን እናስቈርጥልህ» አሉኝ። እኔም እርሳቸውን ላለማስቀየም «እሺ እትዬ፥ እስኪ ጥቂት ልየው» ብዬ መለስሁላቸው። እርሳቸው ይህን የተናገሩት ከፍቅር ነው፤ እኔ ግን አንገቴ ሳይበሳ ተረፍሁ ብዬ በተደሰትሁ በወሩ፥ በጕሮሮዬ ላይ ምላጭ ለማስገባት «እስኪ ልየው» ማለቴ ዛሬ ያስደንቀኛል።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ ጭምብሉን አውልቄ መተኛት ጀመርሁ፤ ንጋት ሲቃረብም መልሼ አጠልቀው ነበር። እንዲህ እያደረግሁ ዐሥራ አንድ ሌሊት አለፈ። ጕሮሮዬ ዳነ፥ ድምፄም ተመለሰ፤ እኔም ነገሩን በጥበብ የፈታሁት መሰለኝ። በዐሥራ ሁለተኛው ሌሊት ግን ድንገት ነቃሁ። ባለቤቴ በጨለማ ቍጭ ብላ እጅዋ በደረቴ ላይ ነበረ፤ በቀስታም «ሃያ ስድስት» ስትል ሰማሁ። አልተቈጣችኝም፤ አንድ ቃልም አልጨመረችም። እጅዋን አንሥታ ፊትዋን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ እኔም እስኪነጋ አልተኛሁም። ታገሥሁ ብዬ የኰራሁበትን ነገር ሁሉ ለካ እርስዋ ነበረች የታገሠችው።

በማግሥቱ መሣሪያውን ይዤ ወደ ሐኪሟ ሄድሁ። መሣሪያው በውስጡ የሌሊቱን ሁሉ ታሪክ እየጻፈ እንደሚያስቀምጥ አላወቅሁም ነበርና፥ እኔ አፌን ሳልከፍት እርስዋ ዐሥራ አንዱን ሌሊት አየችው። ከዚያም በፊት በነበሩት ሌሊቶች ብዙ አየር እንደ ባከነ ተመለከተችና፥ «መምህር፥ ጧት ጕሮሮዎ ይደርቅ ነበርን?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎን፥ ነገር ግን ታገሥሁት» አልኋት። እርስዋም «የሚፈወስ ነገር መታገሥ የለበትም፤ መነገር ነው ያለበት» አለችኝ።

ከዚያም ምክንያቱን አስረዳችኝ። አፍንጫ የትንፋሽ መግቢያ ብቻ አይደለም፤ የሚገባውን አየር ያሞቃል፥ ያርሳል፥ ትቢያውንም ያጣራል፤ አየሩ ሳንባ እስኪደርስ ድረስ የሰውነት ሙቀት ያለውና በእርጥበት የተሞላ ይሆናል። ስናስተነፍስም ከዚያ እርጥበት ከፊሉን አፍንጫችን መልሶ ይይዘዋል። ነገር ግን መሣሪያው በአፍንጫ ያስገባው አየር ተኝተን ሳለን በተከፈተ አፍ የሚወጣ ከሆነ፥ ደረቁ አየር ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደ ነፋስ ይነፍሳል፤ እርጥበቱም ወደ አፍንጫ አይመለስም። አፍንጫ ሲደርቅ ያብጥና ይዘጋል፤ አፍንጫ ሲዘጋ አፍ ይበልጥ ይከፈታል፤ አፍ ሲከፈት ደግሞ ጕሮሮ ይብስ ይደርቃል። በዚህም ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ከተማ ናትና፥ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያለው የበጋ ሌሊት ብርዳምና ደረቅ ነው።

«የውሃ መያዣውንስ ምን አደረጉት?» ብላ ጠየቀችኝ። በመሣሪያው ጐን ውሃ አሙቆ አየሩን የሚያርስ ትንሽ መያዣ አለ። እኔ ግን ውሃው በቱቦው መጥቶ ሳንባዬ የሚገባ መስሎኝ፥ ውሃና ኤሌክትሪክም በራስጌዬ እንዲጐራበቱ አልወደድሁምና አንድ ቀን እንኳ ሳልሞላው ቀርቼ ነበር። ይህን ስነግራት ሣቋን ልትይዘው አልቻለችም። ለካ ለጕሮሮዬ የተሠራው መድኃኒት አንድ ወር ሙሉ በአጠገቤ ባዶውን ተቀምጦ ኖሮአል። የአክስቴንም ምክር በነገርኋት ጊዜ ግን መሣቋን ተወች፤ እንጥል መቍረጥ ደም ያፈሳል፥ ቍስሉም ያመረቅዛል፥ የደረቀ ጕሮሮን ግን አያርስም ብላ አጥብቃ ከለከለችኝ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዳልለውጥ፥ አንዱን ለጥቂት ሌሊት ሞክሬ በደብተር እንድጽፍ መከረችኝ። መጀመሪያ መያዣውን እስከ ምልክቱ በውሃ ሞላሁት። ውሃውም በእንፋሎት የተጣራ እንዲሆን አዘዘችኝ፤ የቧንቧ ውሃ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት በመያዣው ውስጥም ይተዋልና። ጕሮሮዬ ከሦስት እጅ ሁለቱ በዚህ ብቻ ዳነ። ቀጥሎም ከመኝታ በፊት ለአፍንጫ የተዘጋጀ የጨው ውሃ እነፋበት ጀመር፤ አፍንጫዬም ተከፈተ። አፌ ግን አሁንም ይከፈት ነበርና፥ በሦስተኛው አፍንጫንም አፍንም አብሮ የሚሸፍን ጭምብል ተሰጠኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጧት ምራቄን ያለ ችግር እውጣለሁ።

በኅዳር ብርድ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ሞቃቱ አየር በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ጤዛ ሆኖ እየተንጠባጠበ በፊቴ ላይ ወረደ። ይህንስ ዝም አላልሁም፤ በማግሥቱ ጠየቅሁ። መሣሪያውን ከአልጋው ዝቅ አድርጌ እንዳስቀምጥ፥ ቱቦውንም ከብርድ ልብሱ በታች እንዳሳልፈው ነገሩኝ፤ እንዲህ ባደረግሁ ጊዜም ተወኝ። ጧት ጧትም የቀረውን ውሃ እደፋለሁ፥ መያዣውንና ጭምብሉን በለስላሳ ሳሙና አጥቤ አደርቃለሁ፤ ያደረ ውሃና ያልታጠበ ጭምብል እነርሱ ራሳቸው ጕሮሮን ያሳምማሉና። አየር ማጣሪያውንም እያየሁ እለውጣለሁ፤ የከተማችን ትቢያ ፈጥኖ ያጠቍረዋል።

ጕሮሮውን የሚያመው ሰው ሁሉ ምክንያቱ እንደ እኔ ነው አልልም። ከጨጓራ የሚመለስ ቃር ጕሮሮ የሚያቃጥለው አለ፤ ጕንፋንም ሌላም በሽታ ይኖራል። ይልቁንም ትኩሳት ቢኖር፥ ደም ቢታይ፥ ወይም የድምፅ መጐርነን ከሦስት ሳምንት ቢያልፍ ፈጥኖ ለሐኪም መታየት ይገባል።

ትዕግሥትን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንመሰገንበት ያደግን ሰዎች ነን፤ እኔም አልነቅፋትም። ነገር ግን ሕመምን ደብቆ መድኃኒትን መጣል ትዕግሥት አይባልም፤ ዋጋውንም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ዝም ያለው ሰው ሳይሆን በአጠገቡ የሚተኛው ነው። በቅርቡ ሐኪሟ የመሣሪያውን መዝገብ አይታ 34 የነበረው ቍጥር 3 መሆኑን ነገረችኝ። ይህን ለባለቤቴ በነገርኋት ጊዜ፥ «እኔ እንኳ መቍጠር ከተውሁ ቈይቻለሁ» አለችና ቡናዋን መቅዳት ቀጠለች።