ምራቂ የሚያምረው ስፍሩ ሲሞላ ነው



በዚህ እትም የምንጽፈው ስለ ጌም ነው። «የጀመዓ መጽሔት ላይ ጌም ምን ይሠራል?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። እኛም ብንጽፈው ይሻላል ወይስ ብንተወው ብለን ተከራክረንበታል። በመጨረሻ ግን ዶርም ውስጥ የምናደርገውን፣ ጀመዓ ውስጥ ግን የማናነሳውን ነገር አንድ ቀን ማውራት አለብን ብለን ተስማማን።

እኛ አራት የዶርም ልጆች ነን። ሁለታችን ከቡታጅራ፣ አንዳችን ከወልቂጤ፣ አንዳችን ከአዲስ አበባ። ጌምን የተዋወቅነው በየሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እዚያ በብዛት የሚከፈተው እግር ኳስ ነበር፤ ተራ ይያዛል፣ የተሸነፈ ይነሳል። ከተማው ክፍት ሆኖ ወደ ፈለጉበት የሚኬድበትን፣ «ኦፕን ወርልድ» የሚባለውን ዓይነት ያየነው በጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ነው። ጌሙ የወጣው በ1997 ዓ.ም. ስለሆነ የእኛ እኩያ ነው ማለት ይቻላል። እኛ ጋ የደረሰውም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ ነው። ባለቤት ይኑረው አይኑረው የጠየቀ አልነበረም።

ግቢ ከገባን በኋላ አንዳችን ጠየቀ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1981 ዓ.ም. ኩዌት ላይ ባደረገው ስብሰባ፣ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ ነው፣ ሊነካም አይገባም ብሎ መወሰኑን አንብቦ መጣ። «እንግዲህ ፍላሻችን ውስጥ ያለው ሁሉ የሰው ሐቅ ነው» አለን። መልስ አልነበረንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶርማችን ውስጥ የሚከፈተው አንድ ጌም ብቻ ሆነ፤ ጂዳ የሚሠራ የአንዳችን ወንድም ቅናሽ ጠብቆ ገዝቶ የላከልን። እሱም አሳሲንስ ክሪድ ሚራዥ ነው።

ላልሰማችሁት ትንሽ እንንገራችሁ። ሚራዥ ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ቦርዶ ባለው ስቱዲዮው ሠርቶ መስከረም 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ያወጣው ጌም ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በባግዳድ ነው፤ ኸሊፋው አል-ሙተወኪል በተገደለበት በ247 ዓመተ ሂጅራ አካባቢ። ከሊፋው አል-መንሱር በ145 ዓመተ ሂጅራ ያስጀመሩት ክቡ ከተማ አለ፣ ከርኽ የተባለው የገበያ ሰፈር አለ፣ በይቱል ሒክማ አለ። ሞንጎሎች በ656 ዓመተ ሂጅራ ያወደሙትን ከተማ በእግር መዞር ይቻላል። ድምፁን ወደ ዐረብኛ ስናደርገው፣ ቂርዓት ቤት የተማርናትን ዐረብኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ውስጥ ሲጮኽባት ሰማን። ዐሊይ ኢብን ሙሐመድ የተባለ ሰው እዚያ ውስጥ አገኘንና ማን እንደሆነ ለማወቅ ላይብረሪ ገባን። በ255 ዓመተ ሂጅራ በደቡብ ኢራቅ የተነሳውን የዘንጅ አመጽ የመራ ሰው ኖሯል። ከአመጸኞቹ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ ተወስደው በባርነት የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ይህን ከትምህርት ቤት አልሰማነውም ነበር።

ጌሙ እንከን የለውም አንልም። ጀግናው ባሲም ኢብን ኢስሓቅ ከሌብነት ተነስቶ ነፍሰ ገዳይ የሚሆን ሰው ነው። ታሪኩም ወደ መጨረሻው ሲደርስ ባሲምን ከሰሜን አውሮፓ ጥንታዊ ጣዖት ጋር ያያይዘዋል። እዚያ ስንደርስ ዝም ብለን ተያየን። ያን ሁሉ ባግዳድ አሳይቶን መቋጫውን ከሌላ አገር ተረት አመጣው።

የክርክራችን መነሻ የሆነው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ለጌሙ ጭማሪ ወጣ። ተጫዋቾች «ዲኤልሲ» ይሉታል። ስሙ «የትዝታ ሸለቆ» እንደማለት ነው፤ ባሲም አባቱ በሕይወት ሊኖር እንደሚችል ፍንጭ አግኝቶ ወደ አል-ዑላ ይሄዳል። ጌሙን ለገዛ ሁሉ ጭማሪው በነጻ ነው። ለእኛ ግን «ነጻ» ማለት የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቶ፣ ስልክ መስኮት ላይ አስቀምጦ፣ ሲቋረጥ እየተነሱ ማስቀጠል ነው። በሦስተኛው ሌሊት ገባ። ከዚያ ጥያቄው ተነሳ፤ ጭማሪው ጌሙን አሻሻለው ወይስ አላሻሻለውም?

የቡታጅራዎቹ ነገሩን ወደ ገበያ ወሰድነው። እናቶቻችን እህል ሲሸምቱ ባለ እህሏ ጣሳውን ሞልታ ትሰፍርና በመጨረሻ በእጇ ዘግና ትጨምራለች። ይህ ምራቂ ነው። ካልጨመረች «መርቂልኝ እንጂ» ትባላለች። ምራቂ ደስ የሚለው ግን ስፍሩ ሞልቶ ሲያበቃ ነው። ጣሳውን አጉድላ ሰፍራ፣ ያጎደለችውን መልሳ «መረቅሁልሽ» ብትል ምራቂ አይባልም። በስፍር የሚያጎድሉ ሰዎች ወዮላቸው ተብሎ ሱረቱል ሙጠፊፊን የወረደበት ነገር ነው።

በዚህ መስፈሪያ ሌሎቹንም አየናቸው። አንዳችን የአጎቱ ልጅ ቤት የተጫወተው ዊቸር 3 የሚባል የፖላንድ ጌም አለ። በ2007 ዓ.ም. ሲወጣ በራሱ ሙሉ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሁለት ጭማሪዎች ወጡለት። በሁለተኛው ዕድሜውን ሙሉ ሲንከራተት የኖረው ጀግና የራሱ ቤት ያገኛል፤ ታሪኩም እዚያ ያርፋል። ስፍሩ ሞልቷል፣ ምራቂውም ቦታ አለው። በሌላ በኩል የሚራዥ ታላቅ ወንድም የሆነው ቫልሃላ በ2013 ዓ.ም. የወጣው ገና ሲጀመር ሰፊ ሆኖ ነው። በላዩ አየርላንድ ተጨመረ፣ ፓሪስ ተጨመረ፣ እንደገና ሌላ ትልቅ ጭማሪ መጣ። ጣሳው ሞልቶ እየፈሰሰ ሲጨመርበት የሚወድቀው መሬት ላይ ነው። ብዙ ተጫዋች ሳይጨርሰው የሰለቸውም ለዚህ ይመስለናል።

የሚገርመው፣ ሚራዥም መጀመሪያ የታሰበው ለቫልሃላ ጭማሪ ሆኖ ነበር። ሠሪዎቹ ሐሳቡን ሲያዩት ለብቻው ቢቆም ይሻላል ብለው አነስ ያለ፣ የራሱ ቤት ያለው ጌም አደረጉት። ከጭማሪዎች ሁሉ የተሻለው ጭማሪ መሆኑን የተወው ነው ብሎ አንዳችን ሳቀ።

ታዲያ አል-ዑላስ? ስሙን ስንሰማ አራታችንም መጀመሪያ ያሰብነው አል-ሒጅርን ነው። በዚያው አካባቢ ነው ያለው፤ የነብዩ ሷሊሕ (ዐ.ሰ) ሕዝቦች የሠሙዶች አገር፣ በቁርኣን ሱራ የተሰየመለት። ዛሬ ዩኔስኮ ከሳዑዲ ዐረቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ቦታ ነው፤ ጎብኚ ይጎርፍበታል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ ተቡክ ሲዘምቱ በዚያ ሲያልፉ፣ ሶሓቦቻቸው ወደ ጠፉት ሕዝቦች መኖሪያ እያለቀሱ ካልሆነ እንዳይገቡ መናገራቸውን ተምረናል። ከእኛ አንዱ «በሳቅ የማይገባበት አገር መዝለያና መጫወቻ ሲሆን ልቤ አልወደደውም» ብሎ ኮምፒውተሩን ትቶ ተነሳ። አልተከራከርነውም። ደግሞም ለነጻ ስጦታ የከፈለ ሰው እንዳለ ማወቅ ጥሩ ነው። ጭማሪው ሲሠራ የአካባቢው ተቋማት እንደረዱ ኩባንያው ራሱ አልደበቀም። አል-ዑላም እንግዳ እንዲመጣላት የምትፈልግ ከተማ ናት።

የቀረነው ሦስታችን ተጫወትን። እውነቱን ለመናገር ጭማሪው ጌሙን አሻሽሎታል። ካርታ ስለጨመረ አይደለም፤ ከባግዳድ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ያሻሻለው ለባሲም የጎደለውን ስለሰጠው ነው። በዋናው ታሪክ ባሲም ምስጢርና ተረት ይበዛበታል። እዚህ ግን አባቱን የሚፈልግ ልጅ ነው። አጭር ነው፣ የሚፈልገውን ያውቃል፣ ያበቃል። ስለ ጌሙ ያለን ፍርድ ይኸው ነው።

ስለ ራሳችን ያለን ፍርድ ግን ሌላ ነው። ዋናውን ታሪክ ስንጨርስ «በቃ፣ ከፋይናል በፊት አይከፈትም» ብለን ተስማምተን ላፕቶፑን ዘግተን ነበር። ጭማሪው የዘጋነውን በር ከፈተው። የጭማሪ ጠባዩ ይህ ነው፤ ያለቀውን ነገር አላለቀም ይላል።

አንድ ቀን ከዙህር በኋላ በሩ ተንኳኳ። የቡታጅራ ልጅ ነው፤ ፍሬሽ፣ በጀመዓ የምናውቀው። አባቱ ታመው ሆስፒታል ገብተዋል ብለው ደውለውለታል። የመሳፈሪያ ገንዘብ እንድናበድረው፣ መንገዱንም ስለማያውቀው ከጉብሬ እስከ ወልቂጤ መናኸሪያ አንዳችን እንድንሸኘው ፈልጎ ነው የመጣው። «አብሽር፣ እንሄዳለን፤ ይቺን ሚሽን ብቻ እንጨርስ» አልነው። አልጋው ጫፍ ላይ ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። እኛ ስክሪኑ ላይ የባሲምን አባት ዱካ ስንፈልግ፣ የእውነት አባቱ የታመመበት ልጅ ከኋላችን ተቀምጦ ነበር። ሚሽኗ አላለቀችም፤ ተሸነፍን፣ ደገምናት። ከዚያ ዐስር ደረሰ።

መናኸሪያ ስንደርስ ወደ ቡታጅራ የሚሄደው የመጨረሻ መኪና ወጥቷል። ይዘነው ተመለስን። ያን ሌሊት በእኛ ዶርም አደረ፤ እንቅልፍ አልወሰደውም፣ እኛንም አልወሰደንም። ከሱብሒ በኋላ ሸኘነው። አልሐምዱሊላህ፣ አባቱ ድነዋል። ሲመለስ «ይቅር በለን» ስንለው «ምንም አይደል፣ እኔም ጌም እወዳለሁ» አለን። ቢቆጣን ይሻለን ነበር። ባይድኑ ኖሮ ያቺን ሌሊት በምን እንከፍለው ነበር?

ደርስ ላይ የምንማረውን ያን ጊዜ ነው ደህና አድርገን ያሰብነው። ኢባዳችን ውስጥም ጭማሪ አለ፤ ነዋፊል ነው። በቂያማ ቀን ባሪያው በመጀመሪያ የሚጠየቀው በሶላቱ እንደሆነ፣ ከፈርዱ የጎደለውም በሱናው እንደሚሟላለት ተምረናል። ጭማሪ ያን ያህል ዋጋ አለው። ያም ሆኖ ኢቃማ ከተባለ በኋላ አዲስ ሱና አይጀመርም፤ ፈርዱ ቀርቧልና። ሱና ሶላት እንኳ ለፈርድ ቦታ የሚለቅ ከሆነ፣ ጌም ምን ሊሆን ነው? ያን ቀን በራችንን ያንኳኳው ልጅ ለእኛ ኢቃማ ነበር። እኛ ግን ጭማሪያችን ላይ ነበርን።

ስለዚህ ጌም ተዉ ብለን አንሰብክም፤ እኛም ሙሉ በሙሉ አልተውንም። የገባንን ብቻ እናካፍል። ምራቂ የሚጠየቀው ስፍሩ ከሞላ በኋላ ነው። ሶላቱ፣ ትምህርቱ፣ የወንድም ሐቅ፣ የወላጅ ስልክ፣ እነዚህ ስፍሩ ናቸው። በዶርማችን አሁን አንድ ደንብ አለ፤ አዛን ሲሰማ ወይም በር ሲንኳኳ ላፕቶፑ ይዘጋል፣ ሚሽኗ ብትበላሽም ትበላሽ። ሁለት ጊዜ ተበላሽታብናለች። አንዱን ጊዜ ያንኳኳው ቻርጀር ፈላጊ ነበር፤ ቢሆንም ዘግተናል።

የመጨረሻዋን ሚሽን ደግሞ ከዚያ ፍሬሽ ልጅ ጋር ጨረስናት። ከአባቱ ጋር በስልክ አውርቶ እስኪጨርስ ጠብቀነው ነው የከፈትነው።

አላህ ጊዜያችንን በረካ ያድርግልን፣ ፈርዳችንን ሙሉ፣ ጭማሪያችንንም መልካም ያድርግልን። ያጎደልንባችሁ ካለ ዐፉ በሉን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።