ከቀበና እስከ ደብረ ሊባኖስ፣ በአባቴ አሮጌ መኪና

ቀበና ባለው የወላጆቼ ግቢ፣ ከኮባው አጠገብ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አንዲት ቀይ መኪና ቆማለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ “የጋሼ ቮልስ” ይላታል። አባቴ ግን እስከ ዛሬ “ቮልስማ አይደለችም” እያሉ ያርማሉ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ናቸው። ስሟ ካርማን ጊያ ነው። ቅርጿ የወጣው ጣሊያን አገር፣ ቱሪን ከሚገኘው ጊያ ከተባለው ድርጅት ነው። አካሏ የተሠራው ጀርመን አገር፣ ኦስናብሩክ ከተማ በካርማን ፋብሪካ ነው። ሞተሯ ግን ሁላችንም የምናውቀው የቮልስ ሞተር ነው። ከ1955 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ከ440 ሺህ በላይ ተመርተዋል። የእኛዋ የ1964 ሥሪት ስትሆን፣ አባቴ በ1966 ዓ.ም. አገሩን ለቆ ከሚሄድ የውጭ አገር መምህር ገዟት።

ሲያዩዋት የእሽቅድምድም መኪና ትመስላለች። ስትነሳ ግን 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያላት ጨዋ ናት። ይህም ቢሆን የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ያህሉን ያጣል። “ፈረሶቹ አዲስ አበባ ሲደርሱ ስምንቱ ይታመማሉ” ይላሉ አባቴ።

ወደዚህች መኪና የመለሰኝ ግን ፍቅር ሳይሆን ፍርሃት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አንድ እሁድ ወላጆቼን ልጠይቅ ስሄድ የፊት ፓራውልቷ ተጣሞ አየሁ። ምን ሆነ ብዬ ብጠይቅ አባቴ “ግንቡን ነካሁት” አሉኝ። እናቴ ናት በኋላ ጓዳ ወስዳ እውነቱን የነገረችኝ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ቁልቁለቱ ላይ የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ወርዶ ቀረ። መኪናዋ የቆመችው በእጅ ፍሬንና በጎረቤት ግንብ ነው። በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ ልጆች አለመኖራቸው የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

አባቴ 81 ዓመታቸው ነው። ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድሜ ነገሩን ሲሰማ በስልክ “ሽጡና ገንዘቡን ለሕክምናው አድርጉት” አለ። እኔም ከእሱ ጋር ነበርኩ። “ወይ ትሸጣለች፣ ወይ ከበር አትወጣም” አልኳቸው። አልተቆጡም። ቁልፉን ከሰደርያ ኪሳቸው አውጥተው አዩትና መልሰው ከተቱት። የዚያን ዕለት እራት አልበሉም።

መውጫ ያገኘልን የ17 ዓመቱ ልጄ ነው። “አባባ፣ እኛው ብንሠራትስ?” አላቸው። አባቴ ቀና ብለው “ማን ነው እኛ?” አሉ። “እርስዎ ይነግሩኛል፣ እኔ እፈታለሁ።” እኔም አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ሥራው በፍሬን ይጀመራል፤ ፍሬኑ ሳያልቅ ሞተሩ አይነሳም። አባቴ ሳቅ አሉ። “ይሄማ የኔ ሕግ ነው። ከመሄዷ በፊት መቆሟ።”

ስድስት ቅዳሜ ፈጀብን። የግቢው ሥራ ሕግ ግልጽ ነበር። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ማንም አይገባም፤ የብረት ማቆሚያ ይደረጋል፣ መሬት በቀሩት ጎማዎች ሥር ድንጋይ ይገባል። ቤንዚን በተነካበት ቀን ከሰል አይቀጣጠልም፤ እናቴ ቡናዋን በረንዳ ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ አፈላች።

መጀመሪያ የፍሬኑን ዘይት አወጣን። የቡና አተላ መስሎ ወጣ። አባቴ የዚያን ጊዜ ነው ለልጄ ያስረዱት፤ እኔም ሃያ ዓመት መኪና ስነዳ ያልገባኝ ነገር ገባኝ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዓመታት ሲያልፉ ውኃ ያዘለው ዘይት፣ ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል። የፈላ ነገር አረፋ ይሆናል። ዘይት አይጨመቅም፣ አረፋ ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ እግር ሲረግጥ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ለዚህ ነው ዘይቱ ጎድሎ ባይታይ እንኳ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ያለበት። በእኛዋ ዕድሜ ያለች መኪና ደግሞ የፍሬን መስመሯ አንድ ብቻ ነው። አንዱ ጎማ ጋ ቢፈስ አራቱም ያለ ፍሬን ይቀራሉ።

ጎማ ቱቦዎቹንና የፍሬን ሸራዎቹን ፍለጋ ከልጄ ጋር መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድን። “ካርማን ጊያ” ስንል ሰዉ ትከሻውን ነቀነቀ። “የድሮ ቮልስ” ስንል ግን አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰ ሳጥን ጎተቱ። አራቱም ቱቦ ተገኘ። ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ አብጦ ይደፈናል ብለው ሁሉንም እንድንቀይር የመከሩን እሳቸው ናቸው። የቤንዚን ቱቦውንም በሜትር ገዛን። የዚህ ሞተር ትልቁ ጠላት የደረቀና የተሰነጠቀ የቤንዚን ቱቦ ነው፤ ጠብታው የጋለ ብረት ላይ ካረፈ ታሪኩ በእሳት ያልቃል። ስንመለስ አንድ የእሳት ማጥፊያም ይዘን መጣን። አሁን ከፊት ወንበር ሥር ታስሯል።

ሞተሩ ከፍሬኑ ቀለለን። ውኃ የለው፣ ራዲያተር የለው፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን፣ ወንፊቱ ወጥቶ በቤንዚን ይታጠባል። ካንዴላዎቹ ስናወጣቸው ጥላሸት ለብሰዋል። ጥቁር ካንዴላ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው፤ የቡና መልክ ሲኖረው ልክ ነው፤ ነጭ ሲሆን ደግሞ ቤንዚን አንሶት ይቃጠላል። አየሩ ስስ በሆነበት በእኛ አገር ደጋ ካርቡራተሩ ቤንዚን ማብዛቱ የተለመደ ነው።

ያኔ አንድ ነገር አየሁ። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። አባቴ መለኪያዋን ቀጭን ብረት ይዘው ጎንበስ አሉ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ሦስት ጊዜ ሞከሩና ብረቷን ለልጄ ሰጡት። “አንተ አድርገው። እኔ ድምፁን እሰማዋለሁ” አሉ። እውነትም ሞተሩ ሲነሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና “ትንሽ ጠቧል” አሉ። ሲለካ ጠቦ ተገኘ።

አካሏን ብዙ አልነካንም። የተለመደው ቮልስ ፓራፋንጎ በብሎን ይፈታል፣ በሌላ ይተካል። የካርማን ጊያ አካል ግን እርስ በርሱ ተበይዶ በእጅ የተለሰለሰ ስለሆነ ዝገት ሲገባው ሥራው ከባድ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ የዛገውን አፍንጫዋን ሳይቆርጥ አንድ ጣት የሚወፍር ስቱኮ ለጥፎበት ነበር። ለጊዜው ቀርፈን፣ ዝገቱን አሽተን፣ ጸረ ዝገት ቀባናት። አፍንጫዋ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። እናቴ “አመድ ላይ የተኛች ድመት መሰለች” አለች።

በመጨረሻው ቅዳሜ የፍሬን ሸራዎቹን አቀራረብ አስተካከልን። በታምቡሩ ቀዳዳ ካቻቢቴ ገብቶ ጥርስ ያላት ብሎን ትዞራለች። ጎማው በእጅ ሲሽከረከር እስኪይዝ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሦስት ወይ አራት ጥርስ ወደ ኋላ ይመለሳል። ልጄ ሦስቱን ጎማ ሠራ። የኋላ ግራውን አባቴ “እኔ እሠራዋለሁ” አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ማለዳ ተነሳን። አባቴ ቁልፉን ዘርግተው ሰጡኝና ዞረው በቀኝ በኩል ገቡ። በዚያች መኪና ተሳፋሪ ሆነው ሲቀመጡ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ልጄ ከኋላ ጉልበቱን አገጩ ሥር አጥፎ ተቀመጠ። ለእሱ ብለን የወገብ ቀበቶ አስገጥመናል።

የጎጃም መንገድ ገና ከከተማ ሳይወጣ እንጦጦ ላይ ይፈትናል። በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለን ወጣን። ሸክም ያልያዙ አህዮች ብቻ ነበሩ ከኛ የዘገዩት። የእኔ ዓይን ከዳሽቦርዱ ቀይ መብራት አልተነሳም። በዚህ መኪና ዲናሞውንና የማቀዝቀዣውን አየር የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ቀይ መብራት ከበራ “ባትሪ ነው፣ ቤት ስደርስ አየዋለሁ” አይባልም። ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ ማቀዝቀዣ የለውምና እዚያው ይቆማል። መብራቱ አልበራም። የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮት ገባ፤ ጫፉን አልፈን ስንወርድ የሱሉልታ ሜዳ ተዘረጋ።

በጥቅምት ሱሉልታን ያላየ ሰው አንድ ነገር ቀርቶበታል። ሣሩ ገና አልደረቀም፣ ሰማዩ ታጥቦ ተሰጥቷል፣ ፈረሶቹ ጠግበዋል። ጫንጮን፣ ሙከጡሪን፣ ደብረ ጽጌን በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አለፍን። በየመንደሩ ልጆች እየሮጡ አጀቡን። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጥሩምባ ነፍቶ አውራ ጣቱን አሳየን። አባቴ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው እንደ ባለሥልጣን መለሱለት።

ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንርቅ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚያስገባው መገንጠያ ይመጣል። ከዚያ ወደ ገዳሙ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። በግራ በኩል ገደሉ ይከፈታል። ጭላዳዎቹ ጠርዙ ላይ ሣር ይነጫሉ። ልጄ “በቃ፣ ውረጂ” አለኝ። አባቴ ግን “አቁሚ” አሉ።

ወርደው እንደ ሐኪም ጎማዎቹን በተራ ዳሰሱ። የፊት ሁለቱ ለብ ብለዋል። የኋላ ቀኙም እንዲሁ። የኋላ ግራው ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ቶሎ አነሡ። እኔም ነካሁት፤ እንደ ምጣድ ግሏል።

ሁላችንም ያ ጎማ የማን ሥራ እንደነበረ እናውቃለን። ልጄ ፈጠን ብሎ “እኔ ነኝ አባባ፤ አጥብቄው ይሆናል” አለ። አባቴ ለአፍታ ዝም አሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት “ግንቡን ነካሁት” ያሉኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ግን “አይደለም፤ ይቺ የኔ ናት። ጥርሱን ስመልስ ቆጠራው ተሳስቶብኛል” አሉ። ወደ እኔም ዞር ብለው “ያን ጊዜም ግንቡን አልነካሁትም፤ ፍሬን ከድቶኝ ነው” አሉኝ። “አውቃለሁ አባዬ” አልኳቸው። “እናትሽ ነግራሻለቻ” ብለው ሳቁ።

ድንጋይ ከጎማዎቹ ሥር አስገባን። የእጅ ፍሬኑን ለቀቅን፣ ማርሹን ነጻ አደረግን፣ የኋላ ግራውን በክሪክ አነሣን። ልጄ ብሎኖቹን ጥርስ በጥርስ እየቆጠረ መለሰ፤ አባቴ ጎማውን በጨርቅ ይዘው እያሽከረከሩ ሰሙ። “አሁን ተለቀቀ” ሲሉ አቆመ። ያን ጊዜ መውረድ እንችል ነበር ብዬ አሰብኩ። አባቴ ግን ቁልፉን ጠይቀውኝ በሩን ቆለፉ። “የጋለ ፍሬን ይዞ ቁልቁለት አይገባም። ትቀዝቅዝ። እኛ በሌላ እንውረድ።”

ያቺን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያላበደሩትንና ያልተለዩትን መኪና መንገድ ዳር ጥለው፣ በሚያልፍ ሚኒባስ ተጭነው ወረዱ። ገዳሙን ተሳልመን፣ ጠበሉን ጠጥተን ተመለስን። በአቅራቢያው ያለውን የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለውን የድንጋይ ድልድይም በእግር ሄደን አየን። አባቴ ድልድዩ ላይ ቆመው ድንጋዩን መታ መታ አደረጉና “የሚጠግነው ሰው ካለ ድንጋይም ይኖራል” አሉ።

ስንመለስ ታምቡሩ ቀዝቅዞ ነበር። የእንጦጦን ቁልቁለት በወጣንበት በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። ሞተሩ ራሱ እየያዘን ፍሬኑን የነካሁት አልፎ አልፎ ነው። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነበር። ቀበና ስንገባ መሽቶ፣ እናቴ በሩን ከፍታ ቆማ ነበር።

አባቴ ከመግባታቸው በፊት አራቱንም ጎማ በእጃቸው ዳሰሱ። አራቱም እኩል ለብ ብለዋል። ከዚያ ቁልፉን ወደ ሰደርያ ኪሳቸው አልመለሱትም። በረንዳው ላይ፣ ባርኔጣቸው የሚሰቀልበት ምስማር ላይ አንጠለጠሉት።

ወንድሜ ማታ ደውሎ “እህ፣ ሸጣችኋት?” አለ። ስልኩን ለልጄ ሰጠሁት። “አልተሸጠችም” አለው። “የሚመጣው ቅዳሜ ባልቦላዎቹን እናያለን። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው የሚለካው፤ ስለዚህ በጠዋት ነው የምንጀምረው።”