የኮሶ ሻጯ ልጅና የፊታውራሪው ምርኮ

ደብረ ታቦር የራስ አሊ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ የእናታቸው የእቴጌ መነን የጦር አዛዥ ደጃዝማች ወንድይራድ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎከረና በቋራው ካሳ ላይ ዘመተ። ተሸነፈ፤ ተማረከ። ካሳም ኮሶ አስጠጣው ይባላል። የተወቀጠው አበባ በውሃ ተበጥብጦ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚያንገሸግሽ የቀመሰ ያውቀዋል።

ያ ካሳ ዐፄ ቴዎድሮስ ሆነ። ስድቡ ግን አልሞተም።

ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ይኸው ሰውን በዘሩ የመናቅ በሽታ ከዓባይ ማዶ፣ ጎጃም ውስጥ ይገኛል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ዘር እየፈለጉ ጠያቂዎቿን ሲመልሱ ዕድሜዋ ይነጉዳል። እኒሁ ሰው ገበሬውን ከደንቡ በላይ ገብር ይሉታል። ገበሬው በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ሲል ሰው አስከትለው ይዘምቱበታል። ከግብሩ ይልቅ ያንገበገባቸው ባላገር አፍ አውጥቶ መናገሩ ይመስላል። ሞፈር የጨበጠ እጅ ሲማርካቸው ያ ሁሉ የተቆጠረ የዘር ሐረግ አንዲት ቀን እንኳ አላዳናቸውም። ዘመዳቸው ጉዱ ካሳ ማኅበረሰቡን የታችኛው ድንጋይ የላይኛውን ተሸክሞ ከቆመበት ካብ ጋር ሲያመሳስል እንደ እብድ ይታይ ነበር፤ በዚያ አገር ከእሱ የበለጠ ጤነኛ ግን አልነበረም።

ልብ ወለድ ነው ብሎ ማለፍም አይቻልም። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ በእውነት ተነሣ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከበት፤ በመጨረሻ ውዝፉን ማረው።

አመፁ ያልደረሰበት ቤት ግን አለ፤ የእጅ ባለሙያው ቤት። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ጋፋት፣ ሴባስቶፖል የተባለው ግዙፍ መድፍ በቴዎድሮስ ትእዛዝ በአውሮፓውያን ባለሙያዎችና በአገሬው ጉልበት ተሠራ። ንጉሡ ብረት የሚያቀልጥ ሰው ሲያከብር፣ በጎንደር አገር ቤተ እስራኤላዊው ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪዋ ሚስቱ ግን «ቡዳ» እየተባሉ ይፈሩና ይጠሉ ነበር። ማረሻውን የሠራለትን ሰው ቡዳ ይለው የነበረው ያው ገበሬ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ።

ዛሬም ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ጀበና ቡናውን አፍልቶ እየጠጣ፣ ልጁን ለልጇ የማይድር ቤተሰብ አለ። የደብረ ታቦር መምህራን ሆይ፣ የፊታውራሪውን ምርኮ ስታስነብቡ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ጋፋት ድረስ ውጡ። ስለ መድፉ ስትነግሯቸው ስለ ቀጥቃጩም ንገሯቸው።