ሃያ ቀን አንጉዊላ

የዓመት ፈቃዴን ሳልነካ አጠራቅሜ ሃያ ቀን ሞልቶልኛል። ሰሞኑን ማታ ማታ የሥራ ኮምፒውተሬን ዘግቼ የራሴን እከፍታለሁ፤ «አንጉዊላ» የሚል የኤክሴል ፋይል አለኝ። ካሪቢያን ውስጥ ያለች፣ በብሪታንያ ሥር የምትተዳደር ትንሽ ደሴት ናት።

ያወቅኳት በሥራ ምክንያት ነው። ለአንድ ፕሮጀክት መጨረሻው «ዶት ኤአይ» የሆነ ዶሜይን ስንገዛ ዋጋው አስደነገጠኝና ብሩ ማን ጋ እንደሚሄድ ማጣራት ጀመርኩ። ኤአይ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ተብሎ የወጣ መስሎኝ ነበር። ለካ የአገር ኮድ ነው፣ ልክ እንደኛ «ዶት ኢቲ»። ለአንጉዊላ የተሰጣት በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፣ ቻትጂፒቲ የሚባል ነገር በማንም ሐሳብ ሳይኖር። በ2023 ከዚህ ብቻ ወደ 32 ሚሊዮን ዶላር ገብቶላታል፤ ከመንግሥቷ ገቢ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ማለት ነው። ሕዝቧ ደግሞ 16 ሺህ ገደማ ነው። እኔ የሰው ኮድ ሳርም አድራለሁ፣ እሷ በሁለት ፊደል ትኖራለች። ፎቶዎቿን ማየት የጀመርኩት በቅናት ነው መሰለኝ።

ርዝመቷ 26 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቷ ቢበዛ 5 ነው። ተራራ የላት፣ ወንዝ የላት። ያላት ነጭ አሸዋ ነው፤ 33 የባሕር ዳርቻ አላት ይባላል። እኔስ ምን አደረግኩ? 33ን ለ20 አካፈልኩ። በቀን 1.65 ዳርቻ። ለእያንዳንዱ ሰዓት መደብኩ፣ ከማረፊያዬ ያለውን ርቀት ጻፍኩ፣ «ያለቀ» እና «ያላለቀ» ብዬ ቀለም ቀባሁ። ጨርሼ ሳየው ሰኞ ጠዋት ቡድናችን የሚከፋፈለውን የሥራ ዝርዝር ቁጭ! ሁሉንም አጠፋሁና ሾል ቤይን ብቻ አስቀረሁ።

በወሩ ግን አልቀለድኩም። ከጁን እስከ ኖቬምበር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ በሴፕቴምበር 2017 ኢርማ ደሴቲቱን እንዴት እንዳደረጋት አይቻለሁ። ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ደሞ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ሜይ። በዚያ ላይ ሜይ 30 የአንጉዊላ ቀን ነው፤ በ1967 የሴንት ኪትስን ፖሊሶች ከደሴታቸው ያስወጡበት። በዕለቱ የጀልባ ውድድር አላቸው። አሸዋ ላይ ተጋድሜ ሳይ ይታየኛል።

ትኬቱን ልገዛ ስል እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች።

«ሃያ ቀን ፈቃድ አለው አሉኝ። መቼ ነው የምትገባው? ሳሎኑን ቀለም ላስቀባ ነው።»

የዛሬ ሦስት ዓመት የገባሁት ሁለት ሻንጣ ሙሉ የሰው ዕቃ ይዤ ነው። ለቅሶ ያልደረስኩባቸው አራት ቤቶች፣ ሁለት ሠርግ፣ የአጎቴ ልጅ የተበላሸ ላፕቶፕ ይጠብቁኝ ነበር። በየቤቱ ይበላል፣ ካልበላህ ቅያሜ ነው። እናቴን ብቻዋን አግኝቼ ያወራኋት በመጨረሻው ምሽት፣ ሻንጣ እየዘጋን ነው። ተመልሼ ቢሮ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ «እፎይ» ብያለሁ። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ስለ ደሴቲቱ ነገርኳት።

«እዛ ማን አለህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ?»

«ምንም፣ እማዬ። ላርፍ።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«እኔስ ምን ሥራ አዘዝኩህ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አንድም ቀን ያዘዘችኝ ነገር የለም። የሚያደክመኝ እሷ ጋ እስክደርስ የማልፈው ሰው ሁሉ ነው፤ ግን ይሄ ለእናት እንዴት ይነገራል? ሃያውን ቀን ለሁለት ልክፈለው ብዬም ነበር። መንገዱን ስቀንስ ለሁለቱም የሚረባ ነገር አልተረፈም።

ትኬቱን ገዛሁ፣ ለሜይ አጋማሽ። መግዛቴን እስካሁን አልነገርኳትም። እሑድ ዕለት በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ሳሎኑ ፈዛዛ አረንጓዴ ተቀብቷል፣ ሶፋውም ወደ መስኮቱ ዞሯል። ከሥሩ «እዚህ ጋ ጋደም ትላለህ፣ ማንም አይነካህም» ብላለች።

«ያምራል» ብዬ ጻፍኩላት።