በወጣህበት ማርሽ ውረድ

እኛ አገር መኪና የገዛ ሰው “መኪና ገዛ” ተብሎ ብቻ አይታለፍም። በግ ይታረዳል፣ ጠበል ይረጫል፣ የሰፈር እናቶች እልል ይላሉ፣ ጓደኛ ሁሉ “በሰላም ንዳው!” እያለ ኮፈኑን ይደበድባል። ቤት ከሠራው ይልቅ መኪና የገዛው ነው የሚደምቀው። እንዴትስ አይደምቅ? ቤት እኮ ባለበት ቆሞ ይቀራል፤ መኪና ግን ከተማውን እየዞረ ባለቤቱን ያስተዋውቃል።

ይኼ ነገር ዛሬ የመጣ እንዳይመስላችሁ። አባቶቻችን በቅሏቸውን ግላስ አልብሰው፣ ልጓሙን አሳምረው ካልሆነ በዓል ቦታ አይታዩም ነበር። ነገሥታቱም ቢሆኑ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ “አባ ታጠቅ”፣ አፄ ዮሐንስ “አባ በዝብዝ”፣ አፄ ምኒልክ “አባ ዳኘው”። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ይዞ ሲገባ፣ ምኒልክ እንደ ሌላው ሰው ከሩቅ ቆመው አላዩም፤ ተሳፈሩባት። እንግዲህ ጌታው በፈረሱ ስም ሲጠራ በኖረበት አገር ለመኪና ስም ቢወጣለት ምን ይገርማል?

ስሞቹን ግን ልብ ብላችኋል? ሚኒባሱን “ዶልፊን”፣ “አባ ዱላ” ብለነዋል። እነዚህስ ደግ ናቸው። ሲኖትራኩን “ቀይ ሽብር”፣ አይሱዙውን “አልቃይዳ” ያልነው ግን ለምን ይመስላችኋል? ሰዉ ለጨዋታ ብቻ አይደለም እንዲህ ያለው። የቀበረውን ቆጥሮ ነው ስም ያወጣው።

ደብረ ማርቆስ ያደገ ሰው መኪና እንዴት እንደሚሽሞነሞን ያውቃል። ባጃጇን ብቻ እንኳ ብታዩ፦ ከፊት ተለጣፊ፣ ከኋላ ጥቅስ፣ ከውስጥ ፀጉራም ጨርቅ፣ ከወንበሩ ሥር ከራሷ ሞተር አብልጦ የሚያጓራ ስፒከር። አዲስ አበባም ቢሆን ያው ነው። የቪትዙን ማርሚታ አስቆርጦ ሌሊት ቀለበት መንገድ ላይ የሚያስጮኸውን ጎረምሳ ሰምታችሁታል። እኔ በዚህ አልፈርድም። ሰው ለፍቶ ያገኘውን ቢያስጌጥ ነውር የለበትም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ከጌጡ በኋላ ለማይታየው ነገር ስንት ተረፈ?

የአክስቴ ልጅ በረዳትነት ጀምሮ፣ ሾፌር ሆኖ፣ ዓመታት በሰው መኪና ሲለፋ ኖረ። እቁብ ጣለ። አክስቴም ከጓሮዋ ያለውን ባህር ዛፍ ሸጣ አከለችለትና በ2010 ዓ.ም. ያገለገለች ዶልፊን ገዛ። አክስቴ የዚያን ቀን መሪውን ሳመችው። “እንግዲህ ልጄ ከሰው ደጅ ወጣ” ብላ አለቀሰች። ያንን ደስታ ያየ ሰው “መኪና ብረት ነው” ብሎ አይናገርም።

ከዚያ ማስጌጡ ተጀመረ። ቸርኬው ተቀየረ። ፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን የሚያጠፋ ነጭ መብራት ተገጠመ። የመርከብ የመሰለ ጥሩምባ ገባላት። ከኋላ መስታወቷ ላይ “የእናቴ ምርቃት” ተጻፈ። ብዙ ጭነት እንድትችል ደግሞ ባሌስትራ ተጨመረላት። በመጨረሻ ሽማግሌው መካኒክ ከሥሯ ወጥተው እጃቸውን እየጠረጉ፣ “ልጄ፣ የፍሬን ሸራው አልቋል፤ የፍሬን ዘይቱም ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንዳልተቀየረ እንጃ” አሉት። እሱ ምን አለ? “ለሚቀጥለው ወር ይደርሳል፣ ጋሼ።”

ጥሩምባው ግን ለሚቀጥለው ወር አልተላለፈም።

በሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። እስከ ደጀን ደህና ደረስን። የዓባይን በረሃ የማታውቁ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2,400 ሜትር ከፍታ አካባቢ ተነስቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና፣ ዓባይን ተሻግሮ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው ድልድይ ከታች ይጠብቃል። ጋቢ ለብሶ የተነሳ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል።

ገና መውረድ ስንጀምር አንድ ሌላ ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፍቶ ቀደመን። በቃ፣ ለዚህች ነገር ነው! የአክስቴ ልጅ ፊቱ ተለወጠ። “እኔን ቀደመኝ?” አለ። የሚያሽቀዳድም ተሳፋሪ የለ፣ የሚያስቸኩል ጉዳይ የለ። ሁለቱም ሞልተዋል፣ ሁለቱም የሚሄዱት አንድ ቦታ ነው። ነገር ግን ተቀደመ። ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች “በለው! አትልቀቀው!” አሉ። ሌላው ማተቡን ጨብጦ ይጸልያል። አንዲት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናት ብቻ ናቸው ደፍረው የተናገሩት፦ “አንተ ልጅ! እኔ ለቅሶ ልደርስ ነው የተሳፈርኩት፤ የሚለቀስልኝ ልሆን አይደለም!”

መኪናው በሳቅ ሞላ። እሱ ግን እንደ ነዳጅ ቁጠባም፣ እንደ ጀግንነትም ቆጥሮት ዜሮ ማርሽ ለቀቃት። በየኩርባው ፍሬን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ይሸተን ጀመር። ቀጥሎ እግሩ ፍሬኑ ላይ ከቀድሞው ይልቅ ጠልቆ ሲገባ አየሁት። ያኔ ቀልድ ቆመ። እንደምንም ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ የእጅ ፍሬኑን እየሳበ ወደ ተራራው በኩል አስጠግቶ አቆማት። ከጎማዎቹ መሃል ጭስ ይወጣል። ውሃ ሊደፋበት የሮጠ ነበር፤ ከኋላችን ደርሶ የቆመ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር “ተው! ብረቱ ይሰነጠቃል፣ ራሱ ይብረድ” ብለው ከለከሉት።

እኒህ ሰው በኤንትሬ ፊያት ዘመን ጀምሮ ይህን ቁልቁለት የወረዱ ናቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ለአክስቴ ልጅ የነገሩት ትምህርት ይኼው፦

“ፍሬን ማለት ሰበቃ ነው። ሲሰበቅ ይግላል። ሸራው ሲግል መያዙን ይተዋል። ሙቀቱ ዘይቱ ጋ ሲደርስ ደግሞ ዘይቱ ይፈላል፤ የፈላ ዘይት አረፋ ነው፣ አረፋን ብትረግጠው እግርህ ወለል ይነካል እንጂ መኪናው አይቆምም። ቁልቁለት ላይ መኪናን የሚይዘው ሞተሩ ነው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ! ዳገቱን በሁለተኛ የምትወጣው ከሆነ ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ነው የምትወርደው። ፍሬን ለመጨረሻ ነው። ባሌስትራ ጨምረሃል አሉ? ባሌስትራ ሸክም ይችላል እንጂ ሸክም አያቆምም።”

ብዙዎቻችን የምንሳፈርበት መኪና ችግር በዚህች በመጨረሻዋ ቃል ውስጥ አለ። ካሶኒ እናስረዝማለን፣ ባሌስትራ እንደርባለን፣ ፖርታ መጋላው ላይ እንቆልላለን። የመጫኛውን አቅም እንጨምራለን፤ የማቆሚያው አቅም ግን ፋብሪካው እንደሰጠው ነው፤ እሱም ካላለቀ!

“ታዲያ ወጣቱ እሽቅድምድም አይውደድ?” ትሉኝ ይሆናል። ይውደድ እንጂ! ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ እንጅባራን ታገኛላችሁ። እዚያ በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር አለ። ጥር 23 ቀን በሚከበረው በዓላቸው ፈረሱ ተሸልሞ፣ ጋላቢው ለብሶ ይወጣል፤ ጉግሱም ሽርጡም አለ። ቀን አለው፣ ሜዳ አለው፣ ሽማግሌ አለው። ከሁሉም በላይ፣ ፈረሰኛው የሚያስይዘው የራሱን አንገት ነው። ለቅሶ የምትሄድ እናት አፈናጥጦ የሚጋልብ ፈረሰኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደግሞም ፈረስ ወዳጅ ሰው ኮርቻውን ሲያሳምር ኮቴውን አይረሳም። ኮቴው የታመመ ፈረስ ላይ ያማረ ግላስ ቢጭን የሚስቁበት አባቶች ናቸው። እኛ ደግሞ ፍሬን የሌለው መኪና ላይ ስፒከር ሲገጠም “አቤት ስታምር!” እንላለን።

የዓባይ መንገድ ከዚያ ወዲህ ሌላም መከራ አይቷል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ በኋላ በተደጋጋሚ ተዘግቷል፤ ለሾፌር ከፍሬን የባሰ ስጋት መጥቶበታል። የመኪናውም ነገር ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና ለብዙ ዓመት እንጦረዋለን። አዛውንትን የሚጦር ሰው ደግሞ አዲስ ባርኔጣ ከመግዛቱ በፊት ጉልበቱን ያሳክማል፣ አይደለም እንዴ?

እኔ እንግዲህ የምለው ይኼን ነው። በጉ ይታረድ፣ እልልታውም ይቅለጥ። ግን መኪና ለገዛ ወዳጃችሁ ስጦታ ስትይዙ የመስታወት ማንጠልጠያና የወንበር ልብስ ትታችሁ የፍሬን ሸራ ግዙለት። አምሮ አይታይም፣ አውቃለሁ። ጎማው ውስጥ ተደብቆ ነው የሚኖረው፣ ማንም “እንዴት ያምራል!” አይለውም። ግን መኪናውን የሚወድና ሰው እንዲያይለት ብቻ የሚፈልግ የሚለዩት እዚያው፣ ማንም በማያየው ቦታ ነው። ከምርቃቱ ሁሉ “ያቁምልህ!” የሚለው ይቅደም፤ መሄዱንስ ሁሉም ይሄዳል።